ሸጋ እና እሽግ

ባለፈው ማክሰኞ ግብር ገማች እኔው ቤት መጣች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደጅ ሳንኳኳ የኖርሁ ሰው፣ የራሴ ደጅ ሲንኳኳ «ማነው?» ማለቱን ረስቼ በሩን ከፈትሁ። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ በጡረታ ዋዜማ የሠራኋቸውን ሁለት ክፍሎች አከራያለሁ። በሕጉ አከራይ ነኝ፤ በባለቤቴ አፍ ደግሞ «ባለ ርስቱ» ነኝ። ወንበር ሳብሁላት፤ አመስግና ቆመች። ወረቀቷን በክንዷ ደግፋ፣ በትሕትና፣

«አባባ፣ ኪራዩ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን ቃል መልሼ ዋጥሁት። ያ ቃል አንድ ጊዜ የሰው ሱቅ አሳሽጓል። ያሳሸገውም ሰው ሌላ አይደለም፣ ይኸው እኔ ነኝ። እንግዲህ ልጅቱን እደጄ ላይ ትንሽ ላቁማትና፣ ቃሉን ለምን እንደፈራሁት ልንገራችሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ዳባት ተወልጄ፣ ጎንደር ተምሬ፣ በትምህርቴ ከመሐል ዝቅ ብዬ ጨረስሁ። ከመሐል ዝቅ ያለውን ደግሞ መንግሥት ግብር ገማች ያደርገው ነበር። ደመወዜ የወሩን ሃያኛ ቀን አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ጥቁር ቦርሳ ተሰጠኝ። ያችን ቦርሳ ይዤ በአራዳ ገበያ ሳልፍ ነጋዴው ሁሉ የመንግሥት ምስጢር የተሸከምሁ ይመስለው ነበር። ውስጧ የነበረው ማበጠሪያና የሽምብራ ቆሎ ነው። ዛሬ ለማበጠሪያው ፀጉር፣ ለቆሎው ጥርስ የለኝም፤ ቦርሳዋ ግን አለች።

የዚያን ጊዜ ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሷል። ቤት የነበረው ሰው መኖሪያው ቀርቶለት፣ የኪራይ ገቢው ሲቋረጥበት፣ የፊቱን ክፍል ሱቅ አድርጎ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክር ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለው ትንሽ ነጋዴ መዝገብ አይዝም። ስለዚህ ገማች ይሄድና የቀን ሽያጩን ይገምታል፤ የቀበሌው ኮሚቴ ይፈርምበታል፤ ግብሩም ከዚያ ይወጣል። ነጋዴው ገማች ሲያይ ያለቅሳል። በመስቀል ይምላል፣ በቁርዓን ይምላል፣ «ትናንት አንድ ክብሪት ብቻ ነው የሸጥሁ» ይላል። መሥሪያ ቤታችንም ይህን ስለሚያውቅ ያልተጻፈ ደንብ ነበረው፤ ነጋዴ የሚያምነው የእውነቱን ግማሽ ስለሆነ፣ ያመነውን በሁለት አባዛ። እኔ በትምህርት ቤት ማባዛት ብቻ ነበር የሚሆንልኝ። ስለዚህ ሥራው ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ኑሩ ናቸው፤ እኔ «አያ ኑሩ» የምላቸው። በጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር ከድሮ ጀምሮ በንግድ ከኖሩ ቤተሰቦች ተወልደው፣ የንግዱን ሆድ ዕቃ ከውስጥ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ «ጓድ ኑሩ» ሲባሉ ዞር ብለው የሚጠራውን ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር። በሚገምቱበት ቤት አይቀመጡም፣ ውሃም አይጠጡም። «የተቀመጠ ገማች እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ያየውን ሁሉ አይናገርም» ይላሉ። ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የበሩን መርገጫ ያያሉ፤ ብዙ እግር የሚረግጠው መርገጫ መሐሉ ይሰረጉዳል። ከዚያ የክሩን ጥቅል በጣታቸው ነካ አድርገው አቧራውን ይመለከታሉ። ከዚያ በራሳቸው ገንዘብ አንድ ክብሪት ይገዛሉ፤ ሆን ብለው ትልቅ ብር ሰጥተው ባለሱቁ መልሱን ከየት እንደሚያመጣ ያያሉ። ከመሳቢያው አፍሶ ከሰጠ ሱቁ ይሠራል። ጎረቤት ሄዶ ከመነዘረ፣ መሐላውን መስማት አያስፈልግም። ቤታቸው በክብሪት ተሞልቶ ስለነበር፣ «አያ ኑሩ፣ አንድ ቀን የእርስዎ ቤት እሳት ቢነሣበት አዲስ ዓለም አመድ ይሆናል» እላቸው ነበር።

«ገበያ እንዴት ነው?» የሚሉት መጨረሻ ላይ፣ ሲወጡ፣ ለስንብት ያህል ነው። መልሱንም አይጽፉትም። የሚጽፉትም በእርሳስ ነው። በማግሥቱ ካደሩበት በኋላ በቀለም ያጸኑታል። «እርሳስ ይጸጸታል፤ ቀለም አይጸጸትም» ሲሉኝ፣ እኔ በአዲሱ እስክሪብቶዬ ደብተሬ ጠርዝ ላይ ስሜን አሳምሬ እጽፍ ነበር።

አንድ ጊዜ አያ ኑሩ ለሥራ ዛሪማ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። የወገራ ግምት ቀኑ ደርሷል። አለቃችን ቀይ ቀለም የሚወድ ሰው ነበር፤ ካለፈው ዓመት ዝቅ ያለ ቁጥር ካየ ወረቀቱን ያደማዋል። ጠርቶኝ፣ «አንተ ሂድ። ቁጥር ይዘህ ና» አለኝ። ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ነው። ክራቫት አሰርሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ የወገራ ነፋስ ክራቫቴን አንሥቶ ፊቴን ሸፈነኝና፣ ገማቹ ወደ ከተማዋ የገባው ዓይኑን ተሸፍኖ ነው። ምልክቱን ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ።

ወይዘሮ ተዋቡ ባሏ የሞተባት፣ አርባ ዓመቷን ያለፈች፣ ሽማግሌ አባቷን የምትጦር ሴት ናት። ከአዋጁ በፊት ሁለት ክፍል ታከራይ ነበር። እነሱ ከተወረሱ ወዲህ መተዳደሪያዋ የፊቱ ክፍል ሱቅ ብቻ ነው። ስገባ ወንበር አቀረበችልኝ። ተቀመጥሁ። ጠላ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። መርገጫውን አላየሁም፣ ክሩን አልነካሁም፣ ክብሪት አልገዛሁም። እስክሪብቶዬን ከፍቼ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ገበያ እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ሸጋ ነው የኔ ጌታ፤ ተመስገን።»

ጠላው ሊያንቀኝ ምንም አልቀረውም። በእኛ አገር ሸጋ ማለት ጥሩ ማለት ነው። ገማች ፊት «ጥሩ ነው» ያለ ነጋዴ ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም፣ አልሰማሁም! «ሞቻለሁ» የሚለው ሲባዛ በሕይወት ካለ፣ «ሸጋ ነው» የምትለዋ ሲባዛማ የጎንደር ቤተ መንግሥት የሷ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰላሁ። በቅጹ ላይ «የነጋዴው ቃል» ከሚለው ፊት ለፊት «ሸጋ መሆኑን አምነዋል» ብዬ በቀለም ጻፍሁ። የቀን ሽያጯንም ከራሴ ገምቼ በሁለት አባዛሁ። ኮሚቴው ፈረመ። አለቃዬ ቁጥሩን ሲያይ ቀይ እስክሪብቶውን ዘግቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ያን ሰሞን ከቁመቴ በላይ ሆኜ ነበር የምሄደው።

ወሩ እንዳለፈ በሌላ ጉዳይ አምባ ጊዮርጊስ ተመለስሁ። የገበያ ቀን ነው። የወይዘሮ ተዋቡ በር ተዘግቶ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም ፈሶበታል። ግብሩን መክፈል አቅቷት ሱቋ ታሽጓል። እሷ ከታሸገው በር ሥር ጆንያ አንጥፋ ጥቂት እንቁላል ደርድራ ተቀምጣለች። ደንግጬ ሰው የሚለውን አልሁ።

«እትዬ ተዋቡ፣ ምነው… እንዴት ነሽ? ገበያው እንዴት ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቂም የለም፣ ፌዝ የለም።

«ሸጋ ነው የኔ ጌታ፤ ተመስገን።»

አጠገቧ ገመድ የሚሸጡት አያ መንግሥቴ የሚባሉ ሽማግሌ ለገመዳቸው የሚያወሩ መስለው፣ «ሸጋ ብላ ታሸገች። ምነው እንደኛ አንድ ቀን ብትዋሽ!» አሉ።

ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ክራቫቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁት። ዳባት ያሉት እናቴ ቆሎ ብቻ በልተው በሚያድሩበት ቀን እንኳ «እንዴት ዋልሽ?» ሲባሉ «ተመስገን» ነው መልሳቸው። ማማረር ፈጣሪን መክሰስ ነው ብለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ሰላምታን ቃለ መሐላ አድርጌ፣ ምስጋናን በሁለት አባዝቼ፣ ግብር አስከፈልሁበት። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ቢሳሳት ይማራል፤ የዳባት ልጅ ምን ይባላል?

አያ ኑሩ ጋቢ ተከናንበው ወባቸውን ሲያስታምሙ አገኘኋቸው። ነገርኋቸው።

«ክብሪት ገዛህ?»

«አልገዛሁም።»

«ተቀመጥህ?»

«ተቀመጥሁ። ጠላም ጠጣሁ።»

«ጠላው እንዴት ነበር?»

«ሸጋ ነበር» አልሁ ሳላስበው። በትኩሳታቸው መሐል ሣቁብኝ። ሣቃቸው ሲያበቃ ግን ዓይናቸው አልሣቀም። «ሰማህ፣ እዚህ አገር አፍ ወይ ይምላል ወይ ያመሰግናል። ሁለቱም አይጻፉም። አሁን የይግባኝ ቀኗ አላለፈም እንደሁ ቁጠር።»

ቆጠርሁ። አራት ቀን ቀርቷል። ካለፈ ግምቱ ይጸናል፣ የንግድ ፈቃዷ ይሰረዛል፣ ሱቋ በዚያው ይቀራል።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ገማች በገዛ ግምቱ ላይ ይግባኝ ሲመሰክር ሰምተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አልሰማሁም አልሁት። «ከነጋዴ ጋር አብሯል ይሉሃል። የዚያ መጨረሻ የት እንደሆነ ታውቃለህ?» አውቃለሁ አልሁት። ቢሆንም እመሰክራለሁ ብዬ ወጣሁ። ያን ዕለት ጀግና አልነበርሁም፤ የታሸገውን በር ዳግመኛ ማየት ፈርቼ ነው።

አያ ኑሩ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አስጠኑኝ። «ሕጉ ክፈል ብቻ አይልም፤ ለንግዱ ያወጣኸውን ቀንስም ይላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ለነጋዴው ሁሉም ያነብለታል፤ ሁለተኛውን ማንም አያነብለትም። የማጓጓዣ ደረሰኟን ፈልግ።»

አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ወይዘሮ ተዋቡ መጀመሪያ እምቢ አለች። «ከመንግሥት ጋር ተካስሼ? ምን በደለኝ ብዬ?» ስለ ደረሰኙ ስጠይቃት ግራ ተጋባች። ዕቃዋን ከጎንደር በአውቶቡስ ጣሪያ ስታስጭን ወረቀት ይሰጧት ነበር፤ በርበሬ ጠቅልላ ሸጣበታለች! አያ መንግሥቴ ይህን ሲሰሙ ቤታቸው ሮጡ። በርበሬ የገዙባቸውን ሦስት ወረቀቶች ከነቀይ ዱቄታቸው ይዘው መጡ።

«የሱቁን ዕቃ ባየውስ?» አልኋት። ከመኖሪያው ወደ ሱቁ የሚያስገባ የውስጥ በር አለ፤ አሻጊዎቹ ረስተውት ክፍት ነበር። እሷ ግን ከታሸገ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልረገጠችውም። «እሽግ እሽግ ነው፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። እሽጉን ያመጣሁት እኔ፣ የምታከብረው እሷ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ ነበር፤ ያውም በቦርሳዬ ጭምር።

ተስፋ ቆርጬ ስወጣ ከጣሪያው ክዳን ሥር የተሻጠ ረጅም ዱላ አየሁ። በስለት ተቆርጦ ተቆርጦ መጋዝ መስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የላምባው ነው። በየቅዳሜው በርሜሉ ውስጥ ነክሬ፣ የረጠበበት ላይ እቆርጣለሁ። መቼ እንደሚያልቅብኝ በምን አውቃለሁ ታዲያ? ጨዉ ላምባ ላምባ እንዳይሸትብኝ ነው ከውጭ የማኖረው።»

ዱላውን አቀፍሁት። ቁርጥ በቁርጥ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣ የዓመት ሽያጭ እጄ ላይ ነው! አንዱ ቁርጥ ከሌላው የሚርቀው አንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ላምባው ዋናው ዕቃዋ ነው፤ እሱ እንዲህ ካዘገመ ሌላው ወዴት ይሮጣል? መዝገብ አልያዘችም ብዬ የጻፍሁባት ሴት፣ ከእኔ ደብተር የበለጠ የታመነ መዝገብ ነበራት። እንደ እኔ ደብተር ጠርዙ ላይ የተጻፈ ስም ግን አልነበረበትም።

«የምትከሺው መንግሥትን ሳይሆን የእኔን ስሕተት ነው» ብዬ ለምኜ እሺ አሰኘኋት። ይግባኙ የተሰማው ጎንደር ነው። ቀኑ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀር ደረስን። የይግባኝ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጥርሱን ታሞ ጉንጩ ሎሚ የያዘ ይመስላል፤ ፎጣ ከአገጩ እስከ አናቱ ጠምጥሟል። ወይዘሮ ተዋቡ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። አለቃዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። አያ ኑሩም ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው፣ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። መንገድ ላይ ለወይዘሮዋ ስነግራት የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እትዬ፣ ሲጠይቁሽ እውነቱን ተናገሪ።»

ሊቀ መንበሩ ጉንጩን ይዞ ጠየቀ። «ወይዘሮ፣ ገበያ እንዴት ነው?»

«ሸጋ ነው ጌታዬ፤ ተመስገን።»

ሊቀ መንበሩ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው! ራሷ አመነች። ታዲያ ምን ልትመሰክር መጣህ?»

አለቃዬ ከኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ሥራዬ ሲጠረግ የሰማሁ መሰለኝ። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት፣ ወይም የልጅነት ተንኮሌ፣ አፌን ከፈተው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከመመስከሬ በፊት… ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ከዚያ ያበጠው ጉንጩ አሳመመውና «ወይኔ!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ የሣቀው ጸሐፊው ነው። ከዚያ አባላቱ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ራሱ ጉንጩን እየያዘ፣ «አታሥቀኝ፣ ያመኛል!» አለ። በመድረክ «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል በማይነሣበት ዘመን፣ ራሱ በአፉ አምጥቶት ነበርና ሣቁ ጊዜ ወሰደ።

«እኔም የእርስዎን ቃል ብጽፍ፣ ደህና ነዎት ማለት ነው» አልሁ። «በቢሯችን ደንብ በሁለት ባባዛው ደግሞ ከዚህ አዳራሽ የእርስዎን ያህል ጤነኛ የለም። የጻፍሁት ሰላምታ ነው፤ ስሕተቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።»

ከዚያ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምሁት። ቤቱ ላምባ ላምባ ሸተተ። ቁርጦቹን አንድ በአንድ እየነካሁ ቅዳሜዎቹን ቆጠርሁላቸው። በርበሬ የነካቸው ሦስቱ ደረሰኞች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ አባላቱ በየተራ አነጠሱ። አያ ኑሩ አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ፤ «መቀነስ ያለበትን ያልቀነሰ ገማች፣ ሒሳቡን ገና አልጨረሰም።»

ግምቱ ተሻረ። ማጓጓዣዋ ተቀንሶላት፣ ልትከፍለው የምትችለው ሆነ፤ እሽጉም ይነሣ ተባለ። አለቃዬ በበሩ ሲያልፍ በጆሮዬ፣ «እሽጉን አንተው ትፈታዋለህ፤ የአውቶቡሱንም ራስህ ትከፍላለህ» አለኝ። ቅጣት መስሎት ነው።

ከአያ ኑሩ ጋር ሄድን። ሰሙን በጥፍሬ ፈለቀቅሁት፣ ሲባጎውን ፈታሁት። የአምባ ጊዮርጊስ ሴቶች እልል አሉ። ስንት ገማች ነው ሱቅ ከፍቶ እልል የተባለለት? እኔ! ወይዘሮ ተዋቡ ወንበር አቀረበች፤ ሁለታችንም ቆምን። አንድ ክብሪት ገዛሁ። ለመልሱ አያ መንግሥቴ ዘንድ ሄዳ መነዘረች። አያ ኑሩ ቅንድባቸውን ወደ እኔ አነሡ።

ከዚያ በኋላ በደባርቅ፣ በጭልጋ፣ በጎንደር ከተማ ብዙ ዓመት ገመትሁ። የሄድሁበት ሁሉ፣ ከግምቱ አስቀድሜ፣ «ደረሰኝህን በርበሬ አትጠቅልልበት፤ ቆርቆሮ ውስጥ አኑረው፤ ይቀነስልሃል» እል ነበር። ከጊዜ በኋላ ነጋዴው ስመጣ ማልቀስ ትቶ ቆርቆሮውን ያወጣ ጀመር። መንግሥትም ገንዘቡን አገኘ፣ ሱቁም ተከፍቶ አደረ። በእጄ ከጻፍሁት ግምት ዳግመኛ የታሸገ በር የለም። በዚህስ እኮራለሁ፤ ሌላውን ነገሬን ሁሉ እየሣቃችሁ አንብቡት።

አያ ኑሩ በጡረታ ሲሰናበቱ አንድ አጭር እርሳስ ሰጡኝ። ቤታቸው ያለውን ክብሪት እንኳንም አልሰጡኝ።

ማክሰኞ ዕለት ወደ መጣችው ልጅ እንመለስ። ለጥያቄዋ በመልስ ፈንታ የደረሰኝ ቆርቆሮዬን አወጣሁ፤ የጣሪያ ቆርቆሮ የገዛሁበት፣ ቀለም ያስቀባሁበት ደረሰኝ ሁሉ በተርታ አለ። አገላብጣ አየች፣ መዘገበች። ከዚያ ዞራ የክፍሎቹን በር አየች፤ ጎንበስ ብላም የበሩን መርገጫ። በእጇ የያዘችው እርሳስ መሆኑን ያስተዋልሁት ያኔ ነው።

«ጨርሻለሁ፣ አባባ» አለች፤ ስትወጣም ያንኑ ጥያቄ ለስንብት ያህል ደገመችው። «ለመሆኑ ኪራዩ እንዴት ነው?»

አሁን ግን አልዋጥሁትም።

«ሸጋ ነው ልጄ፤ ተመስገን።»

ዓይኔን ከርሳሷ ላይ አልነቀልሁም። አልጻፈችውም።